አረጋውያን፣ ብቸኝነትና ወረርሽኝ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ቤተሰቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮሮና አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተነገረ። በዚያው ወር ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተከትሎ በወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» የሚለው ምክር ትክክል ነበር። ግን ከሁለቱ እርምጃ ጋር ሳናስበው ብዙ ነገር አብሮ ራቀ፦ ቡናው፣ ቅሬው (የወሎ እድር)፣ ዱአው፣ ሰንበቴው፣ ሽምግልናው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች መነሻቸው ኮሮና ቢሆንም ወደፊት ለሚመጣ ወረርሽኝም ያገለግላሉ።

እናታችን ቤት ሙሉ ሰው እያለ «ብቻዬን ነኝ» ትላለች። እውነት ብቸኛ ልትሆን ትችላለች?

አዎ። ብቻ መኖር በዓይን ይታያል፤ ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ፣ በሳምንት ስንት ሰው ይመጣል ተብሎ ይቆጠራል። ብቸኝነት ግን አንድ ሰው በሚፈልገው ቅርበትና በሚያገኘው ቅርበት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ልጆች ስልካቸው ላይ አቀርቅረው፣ ሠራተኛዋ ማጀት ገብታ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ እናት ጥግ ይዘው ሲቀመጡ ቤቱ ሙሉ ነው። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ የሰሙት «ይብሉ»፣ «ይተኙ»፣ «እንዳይወጡ» ብቻ ሊሆን ይችላል። እስቲ አንድ ቀን ቁጠሩት፤ ሐሳባቸውን የሚጠይቅ ስንት ጥያቄ ቀረበላቸው?

በተቃራኒው ብቻቸውን እየኖሩ፣ ጠዋት ተሳልመው ወይም ሰግደው፣ ከሰዓት ጎረቤት ቡና ጠጥተው ብቸኝነትን ሳያውቁት የሚኖሩ አሉ። ወረርሽኝ ሲመጣ ቀድመው የሚጎዱት እነዚህ ናቸው፤ ኑሯቸው በሙሉ ከደጅ ጋር የተያያዘ ነበርና።

አባታችን ምግብ አልጎደለበትም፣ ገንዘብም አለው። ታዲያ ቤት ሲቀመጥ ለምን ከሰመ?

በእኛ አገር ሽማግሌ ሥራ አለው። ቡና ላይ መራቂ ነው፣ ቅሬው ላይ ቃሉ ይሰማል፣ የተጣላ ሲኖር አስታራቂ ነው፣ ሐዘን ቤት ገብቶ አጽናኝ ነው። ደሞዝ ስለሌለው ሥራ አይመስለንም እንጂ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳው ይኸው ነው። «እንጠብቃቸው» ብለን በር ስንዘጋ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ቀማናቸው። ከላዩ ላይ ደግሞ በሽታው ሽማግሌ ላይ እንደሚበረታ ሬዲዮ ጠዋት ማታ ይነግራቸዋል። ሰው የሚፈለግበት ሥራ ሲያጣና ሞቱን ሲጠብቅ መክሰሙ አያስገርምም።

ስለዚህ ከምግብና ከስልክ ጥሪ በፊት ሥራ መልሱላቸው። ሥራው እውነተኛ መሆን አለበት፤ ለማስመሰል የተሰጠን ሥራ አረጋዊ ወዲያው ያውቀዋል። የቅሬው አባላት እነማን እንደታመሙ፣ እነማን እንደወለዱ በስልክ የሚያጣሩት እሳቸው ይሁኑ። ባልና ሚስት ተጣልተው ከሆነ ተራ በተራ በስልክ ያነጋግሯቸው፤ ሽምግልና በስልክ ይቻላል፣ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። የልጅ ልጆች የዘር ሐረጋቸውን እስከ ሰባት ትውልድ ከአፋቸው እየሰሙ ደብተር ላይ ይጻፉ። ፈትል የሚችሉ እናቶች ጥጥ ይቅረብላቸው፤ ዓይናቸው የደከመ ደግሞ በርበሬ መቀንጠስ ይችላሉ። ምስርና ሽንብራ ማስለቀም ግን ዓይን ስለሚፈልግ፣ ካልታያቸው ውርደት ይሆንባቸዋል፤ ተጠንቀቁ። ዜናውን በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ያዳምጡ፣ ከመኝታ በፊት ይቅር።

ቡና ማጣጣት ከቀረ ወዲህ ነው የተለወጡት። ወረርሽኝ እያለ እንዴት አድርገን እናስቀጥለው?

ይቻላል፣ ነገር ግን አራት ነገሮች መለወጥ አለባቸው።

መጀመሪያ ቦታው፦ ከክፍል ወደ በረንዳ ወይም ደጅ ይውጣ። በአየር የሚተላለፍ በሽታ በተዘጋ ክፍል ይከማቻል፣ ደጅ ላይ ይበተናል። ደሴ ላይ ጭጋጉ ገለጥ ሲል፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያለው ይሻላል፤ ጋቢ ደርበው ጀርባቸውን ለፀሐይ ይስጡ። ኮምቦልቻ ከደሴ ስለሚሞቅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ይመረጣል፤ እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው ግን ጠዋቱን ይምረጡ።

ሁለተኛ ሰዎቹ፦ ከሦስት ወይም ከአራት አይብለጡ፤ ዋናው ነገር ግን የማይቀያየሩ መሆናቸው ነው። ዛሬ ከእነ እትዬ ጋር፣ ነገ ከሌላ ቤት ሰው ጋር ከሆነ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም በሽታው ከቤት ቤት መንገድ ያገኛል።

ሦስተኛ ዕቃው፦ የቡና ቁርሱ ከአንድ ሳህን አይነሳ፣ ለየሰው በየሳህኑ ይቅረብ። ሲኒው በየመሃሉ በውኃ ብቻ ማለቅለቅ አይበቃም፤ ለአቦል፣ ለቶናና ለበረካ ሁሉም የራሱን ሲኒ ይያዝ፣ በመጨረሻ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠብ። አስም ያለበት ሰው ካለ እጣኑ ይቅር ወይም ነፋስ ወደሚወስደው ጎን ይጨስ።

አራተኛ ጊዜው። ሦስቱም ሲኒ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቅ። ምርቃቱን ግን አታሳጥሩት፤ አረጋዊው ቀድመው ይመርቁ፣ ሌላው «አሚን» ወይም «አሜን» ይበል። ያልናችሁን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጋችሁ ምርቃቱን ብትተዉት ቡና ጠጣችሁ እንጂ ቡና አልተጣጣችሁም።

በብርዱ ምክንያት ቤቱን ዘግተን ከሰል እናነዳለን። ራስ ምታትና ማዞር ሲላቸው ጭንቀት ነው እንላለን። ልክ ነን?

መጀመሪያ ከሰሉን ጠርጥሩ። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ያመጣል፣ ሲበዛ ይገድላል። ምልክቱ ክፍሉ ውስጥ ሲቆዩ ብሶ ደጅ ሲወጡ የሚቀል ከሆነ፣ ወይም ሌላውንም የቤት ሰው ራሱን የሚያመው ከሆነ ጭንቀት አይደለም። ከሰሉ ደጅ ላይ ይቀጣጠል፣ መስኮት በስንዝር ያህል ክፍት ይሁን፣ በሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይደር። ይህ የመስኮት ስንዝር ለወረርሽኙም ይጠቅማል።

ሐዘን ወይስ እርጅና ወይስ ድብርት? በምን እንለያለን?

አረጋውያኖቻችን «ተደብሬአለሁ» አይሉም። «ልቤን ከበደኝ»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ራሴን ጨመደደኝ»፣ «ሆዴ ባባ»፣ «ምግብ አልበላ አለኝ» ነው የሚሉት። ቤተሰቡ ለጨጓራና ለብርድ መድኃኒት ሲገዛ ወራት ያልፋሉ።

ሁለት ነገር ጠይቁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ስሜታቸው ወድቆ ነበር? ድሮ ደስ ይላቸው የነበረው ነገር፣ ለምሳሌ የልጅ ልጅ መምጣት፣ ቅዳሴ፣ ጁምዓ፣ ደስታ መስጠቱን አቁሟል? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ክብደት፣ ጉልበትና ራስን መውቀስ ተለውጠው እንደሆነ ተመልከቱ። ሁለት ሳምንት ያለፈውና የዕለት ኑሮን የሚያሰናክል ከሆነ ጤና ጣቢያ መታየት ይገባል። ቀበቶ የሚታሰርበት ቀዳዳ መለወጡ፣ ነጠላ ሳይታጠብ መሰንበቱ፣ ጸሎት መቅረቱ ብዙ ጊዜ ከቃል ቀድመው ይናገራሉ።

እርጅና በራሱ ድብርት አይደለም። «ዕድሜ ነው» ተብሎ ማለፉ ብዙ ሰው ሊድን ሲችል ሳይታከም ያስቀረዋል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ድብርት ይመስላሉና ምርመራቸው አይቅር።

በድንገት ይቀባጥራሉ፣ ቀኑን ከሌሊት አይለዩም። የመርሳት በሽታ ጀመራቸው ማለት ነው?

«በድንገት» የሚለው ቃል ሁሉን ይለውጠዋል። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን የመጣ፣ ጠዋት ሻል ብሎ ማታ የሚብስ ግራ መጋባት ድንገተኛ ሕመም ነው፦ የሳንባ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ድርቀት፣ የስኳር መውረድ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። በአረጋውያን ላይ ኮሮና ያለ ትኩሳትና ያለ ሳል በዚህ ብቻ የሚገለጥበት ጊዜ አለ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷቸው፤ ለማደሪያ ጠንካራ የእንቅልፍ ክኒን አትስጡ፣ ያብሰዋል።

በቁልፍ ስልክ ብቻ እንዴት ይገናኙ?

ቁልፍ ስልክ ይበቃል፤ ባትሪውም መብራት ሲጠፋ ይቆያል። አራት ቁጥሮችን በአንድ ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ እንዲደወሉ አስተካክሉ፤ 2 ለልጅ፣ 3 ለጎረቤት፣ 4 ለወዳጅ፣ 5 ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ። ቁጥሮቹን በትልቁ ካርቶን ላይ ጽፋችሁ አልጋው አጠገብ ለጥፉ፤ ማንበብ ለማይችሉ ከቁጥሩ ጎን ፎቶ ወይም ምልክት አድርጉ። የጠዋት ሚስኮል ልማድ ይሁን፦ እስከ 2 ሰዓት አንድ ሚስኮል ካልመጣ ጎረቤት በር ያንኳኳል። ይህ አንድ ብር አያስወጣም፣ ወድቀው የሚቀሩትን ግን ያገኛል።

የደውል ሰዓት የታወቀ ይሁን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በተቆረጠ ሰዓት አሥር ደቂቃ መደወል፣ ሳይታሰብ አንዴ ለአንድ ሰዓት ከማውራት ይበልጣል፤ አረጋዊው ከሰዓቱ በፊት የሚነግሩትን እያሰቡ ይጠብቃሉና። ዐረብ አገር ያላችሁ ልጆች ይህን አስቡበት። ገንዘቡ ደርሷል ወይ ብሎ መዝጋት ጥሪ አይባልም። አንድ ነገር ምከሯቸው ብላችሁ ጠይቁ፤ ወጥ አሠራርም ቢሆን።

«አልሰማም» ብለው ስልክ የሚጠሉ ከሆነ ጆሯቸውን አስመርምሩ፤ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል። ማስክም ድምፅን ያፍናል፣ ከንፈር ማየትንም ይከለክላል። አትጩኹ፤ ድምፃችሁን ወፈር፣ ንግግራችሁን ቀስ አድርጉ። ዓይናቸው በሞራ የተሸፈነባቸው ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ያገኛሉ፤ ማየት መቻል ብቻውን ብዙ ብቸኝነትን ያስወግዳል።

የቅርብ ሰው ሞቷል፣ መሰብሰብ አይቻልም። መርዶውን በስልክ እንንገር?

ብቻቸውን ላሉ አረጋዊ በስልክ አትንገሩ። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ሰው አጠገብ ሆኖ የሚነገረው በምክንያት ነው፤ ድንጋጤው ሲመጣ የሚይዝ እጅ እንዲኖርና ቀኑ ገና ሙሉ እንዲሆን። ሰው ሲቀነስ ሥርዓቱ አይቀነስ። ሁለት ሰው ይሂድ፣ አንዱ የሚያምኑት ሽማግሌ፣ ሁለተኛው በቀጣዩ ሌሊት አብሯቸው የሚያድር። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ውኃ ቅርብ ይሁን። ደጅ ላይ ወይም መስኮትና በር ከፍታችሁ ንገሯቸው።

በሌላ በኩል መርዶውን «ይጎዳቸዋል» ብሎ ለወራት መደበቅ የባሰ ነው። ከሰው አፍ በድንገት ይሰሙታል፣ ያኔ ሐዘኑ ላይ መታለል ይጨመራል።

ለቅሶው በፈረቃ ይሁን። ቅሬው በሰዓት በሰዓት አራት አራት ሰው እየላከ እስከ ሰልስት ቢያስቀጥል ድንኳን ሙሉ ሰው ባይኖርም ቤቱ ባዶ አይሆንም። ያልተደረገው ሥርዓት ለአርባው፣ ለተዝካሩ ወይም ለሶደቃው ይቆይ፤ ቀኑንም ዛሬውኑ ንገሯቸው፤ ቀን የተቆረጠለት ሐዘን ትንሽ ማረፊያ ያገኛል። ከስድስት ወር በላይ ሳይለዝብ የቆየ፣ ሰውየው ምንም እንዳይሠራ ያደረገ ሐዘን ግን ሕክምና ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ ሲገቡ የሰው ሐዘን ላይ የቤትና የንብረት ሐዘን ተደራርቧል። ድምፅ ሲሰሙ የሚደነግጡ፣ ሌሊት የሚቃዡ አረጋውያን ካሉ ይህንንም ለባለሙያው ንገሩ፤ ሕክምናው ከድብርት የተለየ ክፍል አለው።

እንቅልፍ የላቸውም። ቡናና ጫት ይተዉ?

ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ባይጠጡ ይሻላል። በቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ አይተኙ፣ ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ምርቃናው ሲበርድ የሚመጣው ድባቴ ደግሞ ድብርትን ያጠልቀዋል። ለዓመታት የቃሙ ሰው ግን በአንድ ቀን አቁሙ ቢባሉ ድካም፣ ብስጭትና ዱካክ (ቅዠት) ስለሚያስቸግራቸው መጠኑን በየሳምንቱ ቀንሱ፣ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ሳቡት። ዱአው ያለ ጫትም እንዲቀጥል የሚያግባቡ ሸኽ ቢገኙ ከማንኛችንም ቃል የእሳቸው ይሰማል።

«ሞት ናፈቀኝ» ይላሉ። ተራ አባባል ነው?

ብዙ ጊዜ «ፈጣሪ በቃሽ ቢለኝ» የእምነትና የድካም ቃል ነው። ነገር ግን ገምታችሁ አትለፉት፤ ብቻቸውን ሲሆኑ በቀጥታ ጠይቋቸው፦ «ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ አብዛኛው ሰው ሸክሙ ይቀልለታል። አዎ ካሉ እንዴት እንዳሰቡ ጠይቁ። ዘዴ ወይም ጊዜ ካሰቡ፣ ዕቃቸውን ማደል ወይም መሰናበት ከጀመሩ ለአንድ ደቂቃም ብቻቸውን አትተዉ። ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ገመድና የተጠራቀመ ክኒን ከቤት ይውጣ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። አትገሥጹ፣ ኃጢአቱን አትቁጠሩ። ወደዚህ ሐሳብ ያደረሳቸው ኃጢአቱን አለማወቃቸው አይደለም።

ወዴት እንሂድ? መድኃኒት ቢታዘዝስ?

ከቀበሌያችሁ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጀምሩ፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገ በሪፈር ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (የቀድሞው ደሴ ሪፈራል) የአእምሮ ሕክምና ክፍል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር።

የድብርት መድኃኒቱ ፍሎክሰቲን ለአረጋውያን ብዙ ጊዜ በ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ወደ 20 ያድጋል። ለውጡ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሳይታይ ይቆያል፣ በአረጋውያን ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል። ሽንት ከሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ጋር ሲወሰድ የደም ጨው ሊወርድ ስለሚችል ድንገተኛ ድካምና ግራ መጋባት ከታየ ተመለሱ። ሌላው የድብርት መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን በየቦታው ቢገኝም በዚህ ዕድሜ ሲነሱ ማዞርና መውደቅ፣ የሽንት መታገድ፣ የሆድ ድርቀትና መርሳት ያመጣል፤ የፕሮስቴት፣ የግላኮማ (የዓይን ግፊት) ወይም የልብ ችግር እንዳለ ሳትናገሩ አትቀበሉት። የማረጋጊያ ክኒኑን ዲያዜፓምን ከጎረቤት ተበድሮ መስጠት የዳሌ አጥንት ስብራት መጥሪያ ነው። ከተሻላቸው በኋላም መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ።

ጸበል ወይም ዱአ እያለ ክኒን ምን ይሠራል?

ሁለቱም አብረው ይሂዱ። አደጋው ጸበል ቦታ ሲሄዱ የግፊትና የድብርት መድኃኒት መቋረጡ ነው፤ ጾምም ሲሆን መውሰጃ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ።

ወረርሽኙ አልፏል፣ እሳቸው ግን «አልወጣም» አሉ።

ሁለት ምክንያት ይኖራል፦ ፍርሃትና እግር። ለወራት የተቀመጠ አረጋዊ የጭን ጡንቻው ይሟሽሻል፣ የደሴ ዳገት ደግሞ ይህን አይምርም። ከወንበር እጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአምስት ጀምሩ፣ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመራችሁ አሥር አድርሱ፤ ሰው አጠገባቸው ይቁም። የመጀመሪያው ሳምንት እስከ ደጅ፣ ሁለተኛው እስከ ጎረቤት፣ ሦስተኛው ሰው በሌለበት ሰዓት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም እስከ መስጊዱ። ሲመለሱ ባጃጅ ጥሩላቸው፤ ደክመው የተመለሱ ቀን በማግሥቱ አይወጡም። አንድ ቀን ቢያፈገፍጉ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ብቻ ተመለሱ፣ ከመጀመሪያው አትጀምሩ።

ወደ ቅሬው ስብሰባ የሚመለሱበትን ቀን ለቅሬው ዳኛ (መሪ) አስቀድማችሁ ንገሩ። ከበሩ አጠገብ፣ አየር በሚገባበት ወንበር ይያዝላቸው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ የዕለቱን ምርቃት የሚያደርጉት እሳቸው ይሁኑ።